ከመሪ ብሎን እስከ ሰርቮ ሞተር፤ የማሽን እንቅስቃሴ ክፍሎች አመራረጥ ታሪክ

አንድ የኢንዱስትሪ ማሽን ከሌላው የሚበልጠው በጉልበቱ ብቻ አይደለም። ጉልበት ያለው ሁሉ ማሽን ቢባል ኖሮ ጎርፍም ማሽን በተባለ ነበር። ማሽንን ማሽን የሚያሰኘው፣ ጉልበቱ በታዘዘው ፍጥነት ሄዶ በታዘዘው ቦታ መቆሙ ነው። ይህን እንዲፈጽም የሚያስችሉት ሞተሩ፣ ብሎኑ፣ ማርሹ፣ ኩሽኔታው፣ መለኪያውና ተቆጣጣሪው በአንድነት የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ ክፍሎች ይባላሉ። እነዚህን መርጦ ማዋሐድ የማሽን መሐንዲስ የዘወትር ተግባር ነው። ከካታሎግ ውስጥ አንዱን ቁጥር አንሥቶ ሌላውን መተው ቀላል ሥራ ቢመስልም፣ ከእያንዳንዱ ምርጫ በስተጀርባ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የዘለቀ ክርክር አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ክርክር በዋና ዋና ምዕራፎቹ መከተልና ለመራጩ መሐንዲስ ያቆየውን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብሎን ዘመን

በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ሄንሪ ማውድዝሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የብረታ ብረት ባለሙያ፣ በታዋቂው ቁልፍ ሠሪ በጆሴፍ ብራማ ዘንድ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ደመወዙ እንዲጨመርለት ጠይቆ ስለ ተከለከለ በ1797 ለቅቆ ወጣና በለንደን የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። በዚሁ ጊዜ ገደማ የሠራው የብሎን መቁረጫ ቶርኖ ለዛሬው የማሽን እንቅስቃሴ ቁጥጥር መነሻ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው።

ከዚያ በፊት የቶርኖ ሠራተኛ የመቁረጫውን ስለት በእጁ ይዞ በዓይኑ እየመጠነ ይሠራ ነበር። የሥራውም ጥራት ከእጁ ጥራት አያልፍም። ማውድዝሌይ ግን ስለቱን በጠንካራ ተንሸራታች መያዣ ላይ አሰረው፤ መያዣውንም በረጅም መሪ ብሎን እንዲነዳ አደረገ፤ መሪ ብሎኑን ደግሞ በማርሽ አማካይነት ከዋናው ዘንግ ጋር አገናኘው። ማርሾቹን በመለዋወጥ ብቻ ጥርሱ የቀጠነ ወይም የወፈረ ብሎን ማውጣት ተቻለ። እንዲህ ሲሆን የሥራው ትክክለኛነት ከሠራተኛው እጅ ወጥቶ ወደ ብሎኑ ተዛወረ።

ይሁን እንጂ አዲስ ችግር ተከተለ። መሪ ብሎኑ ስሕተት ካለበት በእርሱ የሚቆረጠው ብሎን ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይወርሳል። ከዚህም የተነሣ ማውድዝሌይ ብዙ ዘመኑን ያጠፋው ትክክለኛ ብሎን በመሥራትና የሠራውን በመለካት ነበር። በዚህ ወርክሾፕ ካለፉት ሰዎች መካከል ጆሴፍ ዊትዎርዝ ይገኛል፤ እርሱም በ1841 የብሎን ጥርስ አንድ ወጥ መለኪያ እንዲኖረው ሐሳብ ያቀረበው ነው። ከዚህ ዘመን የተረፈው ትምህርት አጭር ነው፦ ማሽን ከመሪው የበለጠ ትክክል ሊሆን አይችልም።

አገልጋይ ሞተርና የመንቀጥቀጥ በሽታ

ብሎኑ ቦታን ሲወስን ፍጥነትን የሚወስነው ጉዳይ በሌላ በኩል እየበሰለ ነበር። ጄምስ ዋት በ1788 በእንፋሎት ሞተሩ ላይ ሁለት የሚሽከረከሩ የብረት ኳሶች ያሉት ገቺ ገጠመ። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ተበትነው የእንፋሎቱን በር ያጠብባሉ፤ ሲዘገይ ደግሞ ወደ ውስጥ ወርደው በሩን ይከፍታሉ። ማሽኑ የራሱን ሁኔታ ተመልክቶ ራሱን ያርማል ማለት ነው። ዛሬ ግብረ መልስ የምንለው ይኸው ነው።

ብዙ ሳይቆይ ግን እነዚህ ገቺዎች አንዳንድ ጊዜ ከማረጋጋት ይልቅ ማሽኑን እንደሚያናውጡ ታየ። ሞተሩ ይፈጥናል፤ ገቺው ከልክ በላይ ያርማል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ይዘገያል፤ ገቺው እንደገና ከልክ በላይ ይከፍታል። ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1868 ስለ ገቺዎች ባወጣው ጽሑፍ፣ ይህ ጉድለት ከሠራተኛው ስንፍና ሳይሆን ከሥርዓቱ ባሕርይ የሚመነጭ መሆኑን በሒሳብ አስረዳ። ግብረ መልስ መድኃኒት ነው፤ መጠኑን ካለፈ ግን ራሱ በሽታ ይሆናል።

በዚያው ዘመን የመርከቦች መሪ ከሰው ጉልበት በላይ እየከበደ ስለ መጣ፣ የመሪውን እጀታ ተከትሎ የሚንቀሳቀስ የእንፋሎት መሣሪያ በመርከቦች ላይ ይገጠም ጀመር። ፈረንሳዊው ዦሴፍ ፋርኮ በ1873 ስለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ መጽሐፍ ሲያሳትም «ሰርቮ ሞተር» የሚለውን ስም ሰጠው። ቃሉ በላቲን ባሪያ ወይም አገልጋይ ከሚለው የመጣ ነው። ስያሜው በእርግጥ ተገቢ ነው፤ ሰርቮ ሞተር ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢበዛ የጌታውን እጅ እየተመለከተ የሚሄድ ነውና።

የኤሌክትሪክ ሞተር ሁለት መልኮች

ኤሌክትሪክ ወደ ፋብሪካ ሲገባ መሐንዲሶች ሁለት ዓይነት ሞተር ቀረበላቸው። አንደኛው የቀጥታ ኮረንቲ ሞተር ነው። ይህ ሞተር የሚሰጠውን ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ በማድረግ ፍጥነቱን እንደ ልብ መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን በውስጡ ያሉት ካርቦኖች ከሚዞረው ክፍል ጋር እየተፋተጉ ስለሚያልቁ፣ ስለሚያቦኑና ብልጭታ ስለሚያወጡ የዘወትር ጥገና ይፈልጋል። ሁለተኛው ኒኮላ ቴስላ በ1888 የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ ሚኻይል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በ1889 በጠንካራ ቅርጽ ያሻሻለው የተለዋጭ ኮረንቲ ኢንዳክሽን ሞተር ነው። ይህኛው ርካሽ፣ ጠንካራና ካርቦን የማያስፈልገው ቢሆንም ፍጥነቱ በኮረንቲው ፍሪኩዌንሲ የታሰረ በመሆኑ በቀላሉ አይለወጥም።

ስለዚህ መራጩ ከሁለት አንዱን መተው ነበረበት፤ ወይ ታዛዥነትን፣ ወይ ጥንካሬን። አሜሪካዊው ሃሪ ዋርድ ሊዮናርድ በ1891 ያቀረበው መፍትሔ ለአንድ ሥራ ሦስት ማሽኖችን የሚያሰማራ ነበር። አንድ ሞተር ጄኔሬተርን ያዞራል፤ ጄኔሬተሩ ለሥራው ሞተር የቀጥታ ኮረንቲ ይሰጣል፤ የጄኔሬተሩን ማግኔታዊ መስክ በትንሽ ኮረንቲ በመለዋወጥ የትልቁን ሞተር ፍጥነትና አቅጣጫ ማዘዝ ይቻላል። ዋጋው ቢከብድም በሊፍቶች፣ በማዕድን ጉድጓድ ማንሻዎችና በብረት መዳመጫ ፋብሪካዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት አገልግሏል። በታዛዥነትና በጥንካሬ መካከል ያለው ይህ ክርክር ሊዘጋ የቻለው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

የፓርሰንስ ቁጥሮችና የኤም አይ ቲ ምርጫ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሚሺጋን፣ ትራቨርስ ሲቲ ከተማ፣ ጆን ፓርሰንስ የሚባል የፋብሪካ ሰው የሄሊኮፕተር ክንፎችን ይሠራ ነበር። የክንፉን ጠማማ ቅርጽ በትክክል ለማውጣት እርሱና ባልደረባው ፍራንክ ስቱለን አንድ ዘዴ ዘየዱ። በካርድ ማስሊያ ማሽን የብዙ ነጥቦችን ቦታ አሰሉ፤ ከዚያም አንድ ሰው ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌሎች ሁለት ሰዎች የፍሬዛውን ሁለት እጀታዎች በቁጥሩ ልክ እንዲያዞሩ አደረጉ። ፓርሰንስ ቀጥሎ ያሰበው እነዚያን ሁለት ሰዎች በሞተር መተካት ነበር። በ1949 ከአሜሪካ አየር ኃይል ለዚህ የሚሆን ውል አገኘ።

ነገር ግን ሞተሩን ከእጀታው ጋር ማያያዝ ብቻ አልበቃም። ስለቱ ወፍራም ብረት ሲያገኝ ጭነቱ ይከብዳል፤ ሰበቃውም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስለሆነም ለሞተሩ የተሰጠው ያው ኃይል ሁልጊዜ ያንኑ እንቅስቃሴ አያስገኝም። ሰው እጀታውን ሲያዞር ግን የቦታ ምልክቱን በዓይኑ ያያልና ልዩነቱን ሳያስበው ያርመዋል። ሁለቱ ሰዎች ሲነሡ እጃቸው ብቻ ሳይሆን ዓይናቸውም አብሮ ተነሣ።

ፓርሰንስ እርዳታ የጠየቀው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ ኤም አይ ቲ የሚገኘውን የሰርቮ መካኒዝም ላቦራቶሪ ነው። ይህ ላቦራቶሪ በ1940 በጎርደን ብራውን የተመሠረተና በጦርነቱ ጊዜ መድፎችን በሚያዞሩ ሰርቮዎች ልምድ ያካበተ ነበር። የላቦራቶሪው ሰዎች በእያንዳንዱ አቅጣጫ ላይ የቦታ መለኪያ አኖሩ፤ የታዘዘውን ቦታ ከተደረሰበት ቦታ ጋር ዘወትር የሚያስተያይ መቆጣጠሪያም አደረጉ። በ1952 ለሕዝብ የታየው ባለ ሦስት አቅጣጫ ፍሬዛ ትእዛዙን የሚቀበለው ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ነበር። የመቆጣጠሪያው ከሁለት መቶ በላይ የቫኪዩም ቱቦዎች በትልልቅ ቁም ሣጥኖች ውስጥ ተደርድረዋል። መቆጣጠሪያው ከፍሬዛው የገዘፈ ነበር ማለት ይቻላል።

በዚህ መካከል ላቦራቶሪው በቀጥታ ከአየር ኃይሉ ጋር ስለ ተዋዋለ ፓርሰንስ ከገዛ ሐሳቡ ዳር ወጣ። እርሱ የፈለገው ለተራ ወርክሾፕ የሚሆን ቀላልና ርካሽ ማሽን ነበር፤ የተሠራው ግን ለአውሮፕላን ኢንዱስትሪ እንጂ ለተራው ወርክሾፕ የማይቀመስ ነበር። ውለታው ሙሉ በሙሉ አልተረሳም፤ ለእርሱና ለስቱለን በ1958 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጥቷቸዋል፤ በ1985ም ፓርሰንስ የአገሩን የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ ተቀብሏል። ሆኖም ያነሣው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቆየ፦ ትክክለኛነትን በተመጣጣኝ ዋጋ ማግኘት ይቻላልን?

የኢናባ ሁለት ምርጫዎች

ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ የመጣው ከጃፓን ነው። ሴይኡኤሞን ኢናባ በ1946 ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ ፉጂትሱ በሚባለው የመገናኛ መሣሪያዎች ኩባንያ ተቀጠረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የማሽን ቁጥጥር ሥራ ሲሰጠው፣ የኤም አይ ቲን ውድ መንገድ ከመከተል ይልቅ በደረጃ የሚዞረውን ስቴፐር ሞተር መረጠ።

የስቴፐር ሞተር አሠራር ቀላል ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምት ሲደርሰው አንድ ደረጃ ይዞራል፤ መቶ ምት ሲደርሰው መቶ ደረጃ ይዞራል። ምቶቹን የሚቆጥር እንጂ ቦታውን የሚለካ መሣሪያ አያስፈልገውም። እንዲህ ያለውን አሠራር ክፍት ዑደት ይሉታል። መልእክተኛ ልኮ «ደርሶ ይሆናል» ብሎ ከማመን ጋር ይመሳሰላል። ዝግ ዑደት ግን መልእክተኛው ተመልሶ መልሱን እስኪናገር የሚጠብቅ ነው። የመጀመሪያው ዋጋው ትንሽ ነው፤ መልእክተኛው መንገድ ላይ ቢቀር ግን ላኪው አያውቅም። ስቴፐር ሞተርም ጭነቱ ሲበዛበት ደረጃ ይዘላል፤ ተቆጣጣሪው ይህን ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል።

የዚያ ዘመን ስቴፐር ሞተሮች ደካሞች ስለ ነበሩ ኢናባ በ1959 አንድ መፍትሔ አወጣ። ትንሹ ስቴፐር ሞተር የዘይት ቫልቭ ያዞራል፤ በቫልቩ የሚመራው ግፊት ያለው ዘይት ደግሞ ብርቱ የሃይድሮሊክ ሞተር ያንቀሳቅሳል። ትእዛዙ ከኤሌክትሪክ፣ ጉልበቱ ከዘይት ሆነ። ይህ የኤሌክትሮ ሃይድሮሊክ ምት ሞተር በ1960ዎቹ የጃፓንን የቁጥር ቁጥጥር ማሽኖች ያስፋፋና ለኢናባም ዝና ያስገኘ ፈጠራ ነበር። በ1972 የኢናባ ክፍል ከፉጂትሱ ተለይቶ ፋናክ የሚባል ኩባንያ ሲሆን የቆመው በዚሁ ሞተር ላይ ነበር።

በ1973 መጨረሻ የነዳጅ ቀውስ መጣ። የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አራት እጥፍ ገደማ አሻቀበ። የሃይድሮሊክ ሥርዓት ማሽኑ በቆመበት ሰዓት እንኳ ፓምፑ የሚሠራ፣ ዘይቱ የሚግልና የሚያፈስ፣ ድምፁም የሚረብሽ ነው። ትናንት የሚታገሡት ጉድለት በአንድ ጊዜ የማይቻል ወጪ ሆነ። በሌላ በኩል በ1950ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ የዋለው ታይሪስተር፣ ሦስት ማሽን ይፈልግ የነበረውን የዋርድ ሊዮናርድን ሥራ በአንድ ሣጥን ውስጥ መፈጸም አስችሎ ነበር። የቀጥታ ኮረንቲ ሰርቮ ሞተር እንደገና ተወዳዳሪ ሆነ።

ኢናባ ከሁለት መንገድ አንዱን መምረጥ ነበረበት። ስሙን ያስጠራውን የራሱን ፈጠራ ማሻሻል፣ ወይም በእርሱ ፋንታ የሌላ ሰው ዕቃ መግዛት። የመረጠው ሁለተኛውን ነው። ጌቲስ ከሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የቀጥታ ኮረንቲ ሰርቮ ሞተር የማምረት ፈቃድ ገዝቶ፣ የራሱን ሞተር ከገበያ አነሣ። ፈጣሪ በፈጠራው ላይ መፍረድ ከባድ መሆኑ ግልጽ ነው። ፋናክ ግን በዓለም ከታወቁት የማሽን ቁጥጥር አምራቾች አንዱ ለመሆን የበቃው ከዚህ ውሳኔ በኋላ ነው። ኢናባ በ2020 በ95 ዓመቱ አርፏል።

ተባባሪ ክፍሎች

ሞተሩ ሲሻሻል ሌሎቹ ክፍሎች ባይሻሻሉ ኖሮ ጥቅሙ ከንቱ በቀረ ነበር። በተራው ብሎን ላይ ፍሬው በቀጥታ ስለሚንሸራተት ከሞተሩ ጉልበት አብዛኛውን ሰበቃ ይበላዋል። በብሎኑና በፍሬው መካከል የብረት ኳሶች የሚሽከረከሩበት የኳስ ብሎን ግን ከሚሰጠው ጉልበት ዘጠና በመቶ ያህሉን ያስተላልፋል፤ ልቅነቱንም ማጥፋት ይቻላል። ይኸው ሐሳብ በመኪና መሪ ላይ ተፈትኖ ወደ ማሽኖች ተሸጋግሯል። በ1972 ደግሞ ቲኤችኬ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በኳስ የሚሄድ ቀጥተኛ ሐዲድ አቀረበ። አሜሪካዊው ዋልተን መሰር በ1950ዎቹ የፈጠረው፣ በሚታጠፍ ቀጭን ማርሽ የሚሠራው የፍጥነት መቀነሻም በ1971 በጨረቃ ላይ በሄደችው መኪና መንኰራኵሮች ውስጥ የሞተሩን ፍጥነት 80 ለ1 ቀንሷል፤ ኋላም በሮቦቶች መገጣጠሚያ ላይ ሥፍራውን ያዘ።

የታዛዥነትና የጥንካሬ ክርክርም በመጨረሻ ተዘጋ። የጀርመኑ ፌሊክስ ብላሽኬ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የተለዋጭ ኮረንቲ ሞተርን እንደ ቀጥታ ኮረንቲ ሞተር ማዘዝ የሚቻልበትን የሒሳብ መንገድ አሳየ። ስሌቱን በሰከንድ ውስጥ በሺህ ጊዜ የሚደጋግም ማይክሮፕሮሰሰር ሲገኝና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ብርቱው የኒዮዲሚየም ማግኔት ሲፈለሰፍ፣ ካርቦን የሌለው ተለዋጭ ኮረንቲ ሰርቮ ሞተር የፋብሪካውን ወለል ተረከበ።

ታሪኩ ለመራጩ

ከዚህ ሁሉ ሊወጣ የሚገባው ትምህርት ምርጫ የሚጀመረው ከሞተሩ ሳይሆን ከጭነቱ መሆኑ ነው። ለምሳሌ 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን የማሽን ጠረጴዛ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ በደቂቃ 12 ሜትር ፍጥነት ላይ መድረስ አለበት እንበል። ይህ 400 ኒውተን ይጠይቃል። ብሎኑ በአንድ ዙር 10 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ ሞተሩ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይዞራል። የሐዲዱንና የመቁረጡን ኃይል ለጊዜው ብንተው፣ ዘጠና በመቶ በሚያስተላልፍ የኳስ ብሎን 0.7 ኒውተን ሜትር ያህል የመጠምዘዝ ኃይል ይበቃዋል። ሠላሳ በመቶ ብቻ በሚያስተላልፍ ተንሸራታች ብሎን ግን ያው ሥራ 2.1 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ብሎኑን ሳያዩ ሞተር የሚገዛ ሰው ሦስት እጥፍ ሊሳሳት ይችላል። የብሎኑ እርምጃ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ቢቀንስ ደግሞ ለጭነቱ የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ኃይል በግማሽ፣ ሞተሩ የሚሰማው የጭነቱ ኢነርሺያም ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የሞተሩ ፍጥነት ግን እጥፍ ይሆናል። አንዱን ያተረፈ ሌላውን ይከፍላል።

መለኪያውም እንዲሁ ነው። በሞተሩ ጫፍ ላይ የተገጠመ ኢንኮደር የሚያውቀው ሞተሩ የደረሰበትን እንጂ ጠረጴዛው የደረሰበትን አይደለም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ብሎን አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ በሚሊ ሜትር መቶኛ ገደማ ይረዝማል። የሚፈለገው ትክክለኛነት ከዚህ ያነሰ ከሆነ መለኪያው በጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለበት። ጭነቱ የታወቀና የማይለዋወጥ ሲሆን፣ ለምሳሌ በትንሽ የመለያ ጽሑፍ መለጠፊያ ላይ፣ ስቴፐር ሞተር ዛሬም ተገቢ ምርጫ ነው። ክፍት ዑደት የሚናቅ አይደለም፤ የሚናቀው በማይታመን ጭነት ላይ ማመኑ ነው።

አዲስ ክፍል ሲገባ ከአሮጌው ጋር ሳይታወቅ የሚወጣ ጥቅም መኖሩንም መርሳት አይገባም። ተንሸራታቹ ብሎን በሰበቃው ምክንያት ጉልበት ቢያባክንም ብዙውን ጊዜ በራሱ ይቆልፋል፤ ኮረንቲ ሲጠፋ ወደ ላይ የተነሣው ጭነት ባለበት ይቆያል። የኳስ ብሎን ግን ሰበቃው ትንሽ ስለ ሆነ ኮረንቲው ሲቋረጥ ጭነቱ ብሎኑን ወደ ኋላ እያዞረ ይወርዳል። ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄድ ክፍል ላይ ኮረንቲ ሲጠፋ የሚይዝ ፍሬን ሳይጨምር ብሎኑን ብቻ የለወጠ መሐንዲስ፣ ከሥሩ እጁን አግብቶ የሚሠራውን ሰው ለአደጋ አሳልፎ ሰጥቷል።

የአገር አየርም በምርጫው ውስጥ ይገባል። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት በሞተር ላይ የሚጻፈው አቅም፣ የተለየ ነገር ካልተገለጸ በስተቀር፣ ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የሚያገለግል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ከሞተሩም ሆነ ከኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያው ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ስለሆነም በባሕር ዳርቻ ፋብሪካ ልክክ ብሎ የበቃ ሞተር በደጋው ላይ ሊያንስ ይችላል። ሠንጠረዡ የሚናገረው ለተጻፈበት ሁኔታ ነው፤ ቀሪውን ማስላት የመራጩ ድርሻ ነው።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። ማውድዝሌይ ብሎኑን ሳይለካ አልታመነበትም፤ ማክስዌል ገቺው ለምን እንደሚናወጥ ሳይጠይቅ አላለፈም፤ ፓርሰንስ የሠራተኛው ዓይን ምን ያህል ይሠራ እንደ ነበር የተረዳው ዓይኑ ከተነሣ በኋላ ነው፤ ኢናባም ዘመኑ ሲለወጥ የራሱን ሥራ ለመመርመር አልፈራም። የሞተሩ ስም፣ የአምራቹ አገርና የካታሎጉ ቁጥር ይለዋወጣሉ። ምን ያህል ይከብዳል፣ በምን ያህል ፍጥነት ይሄዳል፣ የት ይቆማል፣ መቆሙንስ ማን ያረጋግጣል፣ ኮረንቲው ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚሉት ጥያቄዎች ግን አይለወጡም። እነዚህን አስቀድሞ የጠየቀ መሐንዲስ ርካሹን ዕቃም ያለ ሥጋት ሊመርጥ ይችላል፤ ያልጠየቀውን ግን ውዱም ዕቃ አያድነውም።